ገማቹን ማን ይገምተው?

ሐምሌ በጢስ ዓባይ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። ዓባይ ደፍርሶ መሙላት ይጀምራል፤ ነጋዴው ደግሞ ወደ ገቢዎች ይጠራል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የግብር ወቅቱ ሲከፈት፣ ለዓመታት በቆየው አሠራር ደረጃ ሐ የሚባለው ትንሹ ነጋዴ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ባለው ጊዜ ከፍሎ መጨረስ ነበረበት። ደረጃ ለን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይታገሡት ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ መዝገብ የሚይዘው ደረጃ ሀ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ከሁሉ ያነሰው ከሁሉ ቀድሞ ይጠየቅ ነበር፤ ለዚያውም መንገዱ ጭቃ፣ ገበያው ቀዝቃዛ፣ እህሉ ገና ማሳ ላይ በሆነበት ወር።

የጢስ ዓባይ ከተማ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእርሻው ሌላ ያላት ሲሳይ ፏፏቴው ነው። እንግዳ የሚያሻግር ባለ ጀልባ፣ መንገድ የሚመራ ወጣት፣ ጋቢና ነጠላ ዘርግታ የምትጠብቅ ሴት፣ ላስቲክ ወጥራ ጀበና የጣደች ባለ ቡና፣ ሁሉም ዓይናቸው ከባሕር ዳር በሚመጣው መኪና ላይ ነው። ውኃውን ግን ሌላም ይሻዋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956፣ ሁለተኛው ባለ 73 ሜጋ ዋቱ በ1993 ሥራ ሲጀምሩ ፏፏቴው በበጋ እየሳሳ መጣ። በ2002 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫም ከዚያው ከጣና ነው የሚቀዳው። በ2015 ማብቂያ በክልሉ ግጭት ሲነሣ የውጭ እንግዳ ከነጭራሹ ተቋረጠ ማለት ይቻላል። የዚህ ሁሉ ባለቤት የሆነው ፏፏቴ ታዲያ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ አገር ምድሩን ዞሯል። ብሩ በየኪሱ ሲዞር ለፏፏቴው ሰዎች የደረሳቸው ጥቂት ነው፤ ይህን የምለው በምሬት ሳይሆን ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ስለሚያስቀኝ ነው።

መዝገብ ለማይዝ ነጋዴ ግብሩ ሲቆረጥ የኖረው በቀን ገቢ ግምት ነው። ገማች ኮሚቴ ደጃፉ ድረስ ይመጣል። ጨዋታው ከከተማ ከተማ፣ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም።

«እትዬ፣ በቀን ስንት ስኒ ይሸጣሉ?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ሰው ካለ ሠላሳ፤ ዝናብ ከጣለ አምስትም አይሞላ።»

«እሺ፣ አማካዩን እንያዝ።»

«አማካዩን ማን ጠጥቶ ከፈለኝ?»

ይሣቃል፤ ከዚያ ይጻፋል። ተጽፎ የወጣው ቁጥር ሲመጣ ሣቁ አይኖርም። በ2009 መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የቀን ገቢ ግምት ለነጋዴው ሲነገረው አምቦና ወሊሶ ሱቅ ዘጉ፤ አዲስ አበባም ውስጥ በአንዳንድ ሰፈር ነጋዴው ቆልፎ ዋለ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎች ተሰየሙ፤ የአንዳንዱ ተቀነሰ፤ የሌላው ጸና። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃ ሐ የሚባለውን አስቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ሁሉ በደረጃ ለ ሰብስቧል። የደረጃው ስም ተለወጠ እንጂ ደጃፍ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው።

ይህን ቅሬታ በጥሞና ለሰማው ሰው «ግብር ለምን?» የሚለው ነጋዴ ጥቂት ነው። ግብር ከጥንት የኖረ ነገር ነው፤ ለንጉሥም፣ ለደርግም፣ ለኢሕአዴግም ተከፍሏል። ብዙው ሰው የሚለው አጭር ነው፦ «እነሱስ?»

«እነሱ» ሹማምንቱ ናቸው። ባሕር ዳር ከአንዱ የጣና ዳር ቡና ቤት አንድ ምሽት የተቀመጠ ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይነሣም። አዲስ ፎቅ ብቅ ባለ ቁጥር «የማን ነው?» ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ ሁለት ስም አለው፤ ካርታው ላይ ያለውና ሰው የሚያወራው። የሚስት ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ አሜሪካ ያለች እኅት። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚያረጋግጥ የለም። አስተናጋጁም፣ ባለ ባጃጁም፣ የዩኒቨርሲቲው መምህርም እኩል እርግጠኛ ሆነው ይነግሩሃል፤ ሦስቱም ያላቸው ማስረጃ ግን «ሰው ሁሉ ያውቀዋል» የሚል ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። ንጹሑንና ወንጀለኛውን መለየት በማይቻልበት አገር ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ወንጀለኛው ከዚህ ያተርፋል፣ ንጹሑ ይከስራል።

ከወሬው ወጥተን የተጻፈውን እንይ። በ1994 የወጣው የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 78 ከደመወዝ ግብር ነፃ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ክፍያዎች መካከል አንዱ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቦርድ አባላትና ጸሐፊዎች የሚከፈለው አበል ነበር። መንግሥት በሚያቋቁማቸው የጥናት ቡድኖች ውስጥ ለሚቀመጡትም እንዲሁ። በእነዚህ ቦርዶች ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ሚኒስትሩ፣ ሚኒስትር ዴኤታው፣ በክልል ሲሆን የቢሮ ኃላፊው። ደንቡን ያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የቦርድ አበል በግለሰብ ደረጃ ሲታይ አገር የሚያፈርስ ገንዘብ አይደለም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሕጉን የሚጽፈው እጅና ነፃ የሚወጣው ኪስ የአንድ ሰው ሲሆን፣ በባለ ቡናዋ ላይ «አማካይ» ተብሎ የተጻፈው ነገር ሌላ መልክ ይይዛል። ይህ ሽሽት አይባልም፤ ሕጋዊ ነው። ሽሽት ቢሆንማ ቢያንስ የሚከሰስበት አንቀጽ ይኖር ነበር።

በሌላ በኩል ደመወዝተኛው አለ። የባሕር ዳር መምህር ግብር ልክፈል አልክፈል ብሎ አያስብም፤ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ተቆርጧል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሁሉ ይከፍል ነበር፤ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ። 10,900 ብር ያኔ የኃላፊ ደመወዝ ነው። ዶላር ከ22 ብር ገደማ ተነሥቶ በ2016 ማብቂያ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሲሆን ግን፣ የኃላፊው መደብ ወደ መምህሩ ወረደ። ጤፍ መግዛት ያቃተው ሰው ግብሩን በባለጸጋ ልክ ከፈለ። በ2017 ዝቅተኛው ወለል ወደ 2,000፣ የ35 በመቶው መነሻ ወደ 14,000 ብር ከፍ ሲል እፎይታው ከገበያው በብዙ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። ሚኒስትሩም ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥበት ያው 35 በመቶ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከደመወዙ ውጭ ነው፤ መኖሪያ ቤቱ፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ አበሉ። ሥልጣን ከለቀቀም በኋላ ቤትና መኪና የሚያገኝበት አዋጅ አለው፤ በ2001 የወጣው ቁጥር 653። መምህሩ ከጡረታው ሌላ የሚጠብቀው አዋጅ የለውም።

«እነሱስ?» ማለት በጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 መጀመሪያ የንጉሡ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። አሥራት ቀርቶ አራሹ ከምርቱ በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል ነበር ሐሳቡ፤ በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ፣ ትልቁን ባለ ርስት ከትንሹ የሚለይ። ሕጉን የተወያየበት ምክር ቤት ግን ምን ዓይነት ነበር? በ1949 ከተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ጀምሮ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ሌላ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያዝዝ ነበር። የሕግ መወሰኛውን አባላት ደግሞ ንጉሡ ይሾማሉ። ጭሰኛ ስለ ጭሰኛ ሊናገር የሚገባበት በር አልነበረም። የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ሊያሻሽል የነበረው ረቂቅ ሕግ በዚያው ፓርላማ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ።

ጎጃሜው በምክር ቤቱ ክርክር አልተቆጣም፤ ምናልባትም አልሰማውም። የተቆጣው ገማቹ ማሳው ጫፍ ሲቆም ነው። ገማቹ ዛሬ ምርቱን ለካ ማለት ነገ መሬቱን በቀላድ ይለካል፣ ርስቱን ያጠፋል ብሎ ፈራ። ጠቅላይ ግዛቱን የሚገዙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ፤ በእሳቸው ዘመን በየጊዜው የሚጠየቀው መዋጮና የጦር መሣሪያ ማስመዝገቢያው ክፍያ አስቀድሞ ሰዉን አስመርሮታል። ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። በሞጣና በዳሞት ነገሩ በርትቶ ተኩስ ሆነ፤ መንግሥት ጦር ሰደደ፤ አውሮፕላንም አነሣ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቁልቁል የሚያይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት በባሕር ዳር የታነጸው በዚሁ ዘመን አካባቢ እንደሆነ ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

ዓመፁ ሲበረታ ንጉሡ ደጃዝማች ፀሐዩን አነሡ፤ የተከማቸውም ውዝፍ ግብር ተማረ። ደጃዝማቹ ግን ከሹመት አልወጡም። ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ በ1966ቱ ግርግር የጅማ ሕዝብ በተራው ተነሣባቸው። ሹም ሲበድል ከመጠየቅ ይልቅ ማዛወር ያን ጊዜም የታወቀ መድኃኒት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ጎጃምን ማሞገስ ይሆንብኛል። በዚያ ዓመፅ ውስጥ ሁሉም ድሃ አራሽ አልነበረም። አዲሱ ግብር ከማንም በላይ የሚነካው ባላባትም ከገበሬው ጎን ቆሞ ነበር፤ «ርስታችን» ሲል የራሱን ያለመክፈል ልማድም እየጠበቀ ነበር። የትንሹ ሰው ቁጣ የትልቁ ሰው ጋሻ ሲሆን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም።

ወደ ቅርቡ ስንመለስ፣ ቁጣው አንድ ጊዜ ራሱ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ነበር። በግንቦት 2005 በሚኒስትር ማዕረግ የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት መላኩ ፈንታ ከምክትላቸው ገብረዋህድ ወልደጊዮርጊስና ከታወቁ ነጋዴዎች ጋር ታሰሩ። ከክሶቹ መካከል መከፈል የነበረበት ቀረጥና ግብር እንዳይከፈል አድርገዋል የሚል ይገኝበታል። ሰዉ ጆሮውን አቆመ፤ ግብር ሰብሳቢው ራሱ ሊጠየቅ ነው። ክርክሩ አምስት ዓመት ፈጀና በግንቦት 2010 ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። ጥፋተኛ የሚል ፍርድ የለም፤ ነፃ ናችሁ የሚል ፍርድም የለም። ተከሳሾቹን ይህ ከጎዳቸው ሕዝቡንም ጎድቶታል፤ እውነቱ በየትኛው በኩል እንደነበር ሳይታወቅ መዝገቡ ተዘጋ።

ባሕር ዳር የራሷን ችሎትም አይታለች። ዳሸን ቢራን፣ አምባሰል ንግድንና ጥቁር ዓባይ ትራንስፖርትን የመሳሰሉ ድርጅቶች በሥሩ የነበሩት ጥረት ኮርፖሬት የክልሉ ሕዝብ ነው ሲባል፣ የሚመሩት ደግሞ የገዥው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። በጥር 2011 ከመሪዎቹ መካከል የነበሩት በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ ተይዘው ወደ ባሕር ዳር መጡ፤ በ2012 በረከት የስድስት፣ ታደሰ የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የተፈረደባቸው በጥረት ሀብት አስተዳደር እንጂ በግብር አይደለም፤ ሁለቱም ክሱን ፖለቲካዊ ነው ብለው ተከራክረዋል። ለጣና ዳር ወሬ ግን ይህ ልዩነት አልታየውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሰው፣ የተሻረ ብቻ ሲከሰስ ካየ፣ ሹመት ላይ ያለው ለምን እንደማይከሰስ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

የመንግሥትን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለማየት የሚፈልግ የታኅሣሥ 2011ን ንቅናቄ ያስታውስ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በጀመሩት፣ ያኔ የገቢዎች ሚኒስትር የነበሩት አዳነች አቤቤ በመሩት ዘመቻ «ግዴታዬን እወጣለሁ፤ መብቴን እጠይቃለሁ» የሚል መፈክር በየአደባባዩ ተሰቀለ። ጥሩ መፈክር ነው። የኢትዮጵያ የታክስ ገቢ ከጠቅላላ ምርቷ አንጻር በቅርብ ዓመታት ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፤ የብዙ አፍሪካ አገሮች አማካይ ከዚህ በእጥፍ ይበልጣል። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ መንገዱም፣ ጤና ጣቢያውም ያለ እሱ አይሠራም። የመፈክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ማስፈጸሚያ አለው፤ ቅጣት፣ ወለድ፣ ንግድ ፈቃድ አለማደስ፣ ክሊራንስ መከልከል። ሁለተኛው ግማሽ በየትኛው መስኮት እንደሚጠየቅ ግን አልተጻፈም።

ጎረቤት ኬንያ ይህን መስኮት በሕገ መንግሥት ቀርጻዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 210 ማንኛውም ሕግ የመንግሥት ሹምን በያዘው ሥልጣን ምክንያት ከግብር ነፃ ሊያደርግ አይችልም ይላል። ከዚያ በፊት የፓርላማ አባላቱ ዋና ገቢያቸው የሆነው አበል አይነካም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ጸድቆም አንከፍልም ብለው ተሟገቱ። የገቢዎች ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2011 የክፍያ ደብዳቤ ሲልክላቸው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራይላ ኦዲንጋ ቀድመው አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ገደማ ከፈሉ፤ የቀሩት በሕዝብ ፊት መከራከሪያ አጡ። ዑጋንዳ ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2016 የፓርላማ አባላቷ የራሳቸውን አበል ከግብር ነፃ የሚያደርግ ማሻሻያ አጸደቁ። ሁለቱም ቢሆኑ በግልጽ የተደረጉ ናቸው፤ ዑጋንዳዊው ቢያንስ ማን እጁን እንዳወጣ ያውቃል። በዚያው ዓመት ስለ ድብቅ ሀብት የሚያወሩት የፓናማ ሰነዶች ወጥተው የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በቀናት ውስጥ ወንበራቸውን ለቀዋል፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የፈረንሳይ የበጀት ሚኒስትር ጄሮም ካዩዛክ የስዊዝ የባንክ ሒሳብ የለኝም ብለው ፓርላማ ፊት ከተናገሩ በኋላ ሒሳቡ ተገኝቶ ወድቀዋል። በእነዚህ አገሮች ሹማምንቱ ከኛዎቹ የባሱ ወይም የተሻሉ ስለሆኑ አይደለም። ልዩነቱ ውሸቱን የሚያጋልጥ ወረቀት ከአንድ ቦታ መውጣቱ ነው።

እኛም ዘንድ ወረቀቱ አለ። በ2002 የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚውን፣ ተመራጩንና የተወሰነውን የመንግሥት ሠራተኛ ያለውን ሀብት በፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ዘንድ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። በጽሑፍ የጠየቀ ሰው መረጃውን ሊያገኝ ይችላል፤ የቤተሰቡ ሀብት ግን ምስጢር ነው። ይኸኛዋን ሐረግ ከጣና ዳር ወሬ አጠገብ አድርጋችሁ አንብቧት፤ የሚስት ወንድምን የፈጠረችው እሷ ናት ለማለት ትንሽ ይቀራል። የግብር አስተዳደር አዋጁ ደግሞ በ2008 የእያንዳንዱን ግብር ከፋይ መረጃ ምስጢር አድርጎ ቆልፎታል። ይህ ለተራው ዜጋ ተገቢ ጥበቃ ነው። ለሹሙም ያው ጥበቃ ሲደረግለት ግን ሀብቱ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የከፈለው ግብር በሌላ መሥሪያ ቤት ይቀመጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህን ቤት በየትኛው ገቢ ሠራኸው?» የሚል ተራ ሰው መግቢያ የለውም።

ይህ ዝምታ ወደ ገበያው ይወርዳል። ባሕር ዳር ዕቃ የገዛ ሁሉ ጥያቄዋን ያውቃታል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» 15 በመቶዋ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለምትቀር ገዢው ያለ ደረሰኝ ይመርጣል፤ ሻጩም ሽያጩ አልተመዘገበም። ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ሻጩን ብትወቅሰው «እነሱስ?» ይልሃል፤ እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። አንዳንዱ ነጋዴ ከደንበኛው የሰበሰበውን ታክስ ራሱ ኪሱ ያስቀራል፤ ያ ገንዘብ የሹሙ አልነበረም፣ የገዢው ነበር። የሹሙን ኃጢአት መጥቀስ የራስን ኃጢአት አይሸፍንም። ነገር ግን ሻጩን ለማሳፈር የሚነሣው ማን ነው? አፉን ሞልቶ «እኔ ይህን ያህል ከፈልኩ፤ አንተስ?» የሚል አንድ ከንቲባ፣ አንድ የቢሮ ኃላፊ፣ አንድ የምክር ቤት አባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? በየዓመቱ ለታማኝ ግብር ከፋዮች ዕውቅና ሲሰጥ መድረኩ ላይ የሚወጡት ድርጅቶች ናቸው፤ ሹማምንቱ ሸላሚዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ የንብረት ታክስ እየመጣ ነው። አዋጁ በጥር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ሲያወርዱት የከተማ ቤት ያለው ሁሉ በቤቱና በቦታው ዋጋ ልክ በየዓመቱ ይከፍላል። ባሕር ዳር ላይ ሥራው ሲጀመር ገማቹ መለኪያውን ይዞ ከተራው ሰፈርም ከሐይቁ ዳርም እኩል መድረስ ይኖርበታል። ዋጋውን መገመት አይከብድም፤ ጣና የሚያይ ቤት ዋጋው ይታወቃል። ከዚያ በቅጹ ላይ ባለቤት የሚለውን ቦታ ይሞላል፤ ካርታው ላይ ያለውን ስም። ወሬው ከሚለው ስም ጋር ገጠመም አልገጠመም ገማቹ አልተጠየቀም፤ ደረሰኙም የሚቆረጠው በካርታው ስም ነው።